ጨምሩ ስትባሉ በር ላይ አትመልሱ

ሰሞኑን ግቢዬ ውስጥ ተከራይታ የምትኖር ልጅ ጓደኛዋን ይዛብኝ መጣች። ጓደኛዋ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው የምትኖረው። አራተኛ ፎቅ፣ ስቱዲዮ። ዓይኗ ቀልቷል። አከራይዋ ደውላ "ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ 11 ሺህ ነው፣ ካልተመቸሽ ሰው አለኝ" ብላታለች። እስካሁን የምትከፍለው 8 ሺህ ነበር።

"አንቺ ምን አልሻት?" አልኳት።

"እሺ እለቃለሁ አልኳት" አለችኝ። በስልክ፣ ያውም መገናኛ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ።

ይህን የጻፍኩት በእሷ ምክንያት ነው፣ ግን እሷን የመሰላችሁ ብዙ ናችሁ። እኔ 31 ዓመት በሒሳብ ሠራተኛነት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሴት ነኝ። ከዚያ ውስጥ 19ኙን ዓመት በሰው ቤት ነው የኖርኩት። አሁን ካራ ላይ ትንሽ ቤት አለችኝ፣ ከጓሮዋ ያሉትን ሁለት ሰርቪስ ክፍሎች አከራያለሁ። ተከራይም አከራይም ሆኜ አይቼዋለሁ ማለት ነው።

ጭማሪ ሲነገራችሁ እሺም እምቢም አትበሉ። "እትዬ፣ ሰምቻለሁ፣ አስቤበት እሁድ እመልስልዎታለሁ" በሉ። በቃ። እንዲህ በማለቱ እስካሁን ከቤት የተባረረ ሰው አላየሁም። ተናዶ በር ላይ የመለሰ ግን አውቃለሁ። አንዷ እኔ ነኝ።

1989 ዓ.ም. ነው። ኮተቤ አካባቢ በ150 ብር ተከራይቼ ነበር። ልጄን ክርስትና ባስነሳሁ በወሩ አከራዬ አመሻሽ ላይ መጡና በሩን ደገፍ ብለው ቆመው "ወይ 50 ብር ጨምሪ ወይ ልቀቂ" አሉኝ። ደሜ ፈላ። "ነገ እወጣለሁ" አልኩ። በሳምንቱ ጓዜን ጠቅልዬ 160 ብር የሚከራይ ጭቃ ቤት ገባሁ። ተደሰትኩ፣ አሸነፍኳቸው ብዬ። ክረምት ሲገባ የጓሮው ግድግዳ ውሃ ይጠጣ ጀመር። ቁም ሳጥኑን አንድ ቀን ሳብ ባደርገው ጀርባው በሙሉ ሻግቷል፣ የልጄ የክርስትና ልብስ ሳይቀር። ልጁ ማሳል ጀመረ። በዓመቱ ውስጥ ሁለተኛ ቤት ለወጥኩ። የኋላ ኋላ ደብተሬን ከፍቼ ስደምረው ለጭነት፣ ለደላላና ለክሊኒክ ከ800 ብር በላይ ወጥቷል። ሰውየው የጠየቁኝ ደግሞ በዓመት 600 ብር ነበር። ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ እኮ! የመሥሪያ ቤቱን ሳንቲም ለቃቅሜ የማስታርቅ ሰው የራሴን ሒሳብ በር ላይ ቆሜ አጠፋሁት።

ስለዚህ ለየካ አባዶዋ ልጅ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጠኋት። መጀመሪያ እዚያው አካባቢ ያሉ ጓደኞቿ ጋ ደውላ ተመሳሳይ ስቱዲዮ ስንት እንደሚከራይ ጠየቀች፤ ደላላ አይደለም የጠየቀችው፣ ደላላ የሚነግራችሁ የሚመኘውን ዋጋ ነው። ሁለት ብሎክ አለፍ ብሎ 9,500 ተገኘ። በ8 ሺህ የሚባል ቤት የለም፣ ያ ዘመን አልፏል፣ ይሄን ማመን አለባችሁ። ቀጥለን መልቀቅ ስንት እንደሚያስወጣት ጻፍን። ደላላ። የጭነት መኪና። ጫኝና አውራጅ፤ ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ያውቀዋል፣ ፍራሽህን ራስህ ተሸክመህ ብትወጣ እንኳ በር ላይ ቆመው ሒሳብ የሚሉህ አሉ። የበር ቁልፍ መቀየር። መጋረጃው ለአዲሱ መስኮት አጥሮ ሌላ መግዛት። ከሥራ የምትቀርባቸው ቀናት። ሲደመር 15 ሺህ ገደማ መጣ። ቅድሚያ ክፍያውን አልቆጠርነውም፤ እሱ ኪሳራ ሳይሆን አስቀድሞ የሚከፈል ኪራይ ነው፣ ግን ባንድ ጊዜ ከየት ይመጣል የሚለው ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው።

15 ሺህ ለ12 ወር ሲካፈል 1,250። በ9,500 ላይ ሲደመር 10,750። ስለዚህ አከራይዋ ከ10,750 በታች ከተስማማችላት ለዚህ ዓመት ባለችበት መቆየት ያዋጣታል፣ ከዚያ በላይ ከሆነ መልቀቅ። 11 ሺህ ብትከፍል እንኳ ከመልቀቅ የሚለየው በወር 250 ብር ነው። ልጅቷ ወረቀቱን ደጋግማ አየችው። ይህን ቁጥር ይዞ አከራይ ፊት መቅረብና እንባ ይዞ መቅረብ ለየቅል ነው።

ከዚያ "ውልሽ መቼ ነው የሚያልቀው?" አልኳት። አታውቅም! ከስልኳ ውስጥ የውሉን ፎቶ ፈልጋ ስታሳየኝ የሁለት ዓመት ውል ነው፣ ወረዳ ተመዝግቧል፣ የሚያልቀው ጥቅምት ላይ ነው። አሁን ሰኔ ነው። ገና አራት ወር አላት። እሷ ግን ዛሬውኑ እለቃለሁ ብላ ቃሏን ሰጥታለች።

ሕጉን አንብቡት፣ ረጅም አይደለም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ይባላል። ውል በጽሑፍ ሆኖ በ30 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ከሁለት ዓመት ያነሰ ውል አይቻልም። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፤ የስድስት ወር አምጡ የሚሏችሁ ሕግ እየጣሱ ነው። ኪራዩ የሚከፈለው በባንክ ወይም በሌላ ሕጋዊ የኤሌክትሮኒክስ መንገድ ነው። ጭማሪ በዓመት አንዴ ነው፣ እሱም ተቆጣጣሪው አካል በየዓመቱ ሰኔ 30 ላይ በሚያሳውቀው መጠን እንጂ አከራይ ጠዋት ተነስቶ በመሰለው አይደለም። ቤታችሁ ለገጣፎ ወይም ሌላ የሸገር ከተማ ክፍል ውስጥ ከሆነ ግን ክልሉ የኦሮሚያ ነውና እዚያው ያለውን ቢሮ ጠይቁ። መንገድ ተሻግሮ አስተዳደሩ የሚለወጥበት ሰፈር ውስጥ ነው የምንኖረው።

ውላችሁ ካላለቀ ሕጉ ጀርባችሁ ነው። ካለቀ ድርድሩ ይበዛል፣ አቅማችሁም ያንሳል። ቀኑን ማወቅ ያለባችሁ ለዚህ ነው።

አንድ ችግር ግን አለ፣ እናንተም ታውቁታላችሁ። የልጅቷ ውል ላይ የተጻፈው 5 ሺህ ነው። አምስቱን በባንክ ትልካለች፣ ሦስቱን በእጅ ትሰጣለች። ለምን? አከራይዋ ግብር እንዳይበዛባት። ልጅቷም ቤቱ እንዳያመልጣት ፈረመች። ዛሬ ወረዳ ብትሄድ ማስረዳት የምትችለው አምስቱን ብቻ ነው፣ በእጅ የሄደው ሦስት ሺህ በየወሩ ተበልቶ ቀርቷል፣ ደረሰኝ የለውም። አንዳንዶቻችሁ "ታዲያ በዚሁ ታስፈራራት" ትላላችሁ። እኔ አላልኳትም። ሐሰቱ ላይ የሁለቱም ፊርማ አለ፣ ደግሞስ ያስፈራሩት አከራይ በጠባብ ደረጃ ላይ በየቀኑ ያገናኛል። ጥቅምት ላይ ሲታደስ ግን እውነተኛው ቁጥር ይጻፍ አልኳት። እሱን እምቢ ካለች ልቀቂ፣ ያኔ እኔም አብሬሽ እሸከማለሁ።

ስለ አከራይ ደግሞ ልንገራችሁ። ያደግኩት ጉለሌ፣ ቀበሌ ቤት ነው። በ1967ቱ አዋጅ ትርፍ ቤት ሲወረስና ኪራይ ሲቀነስ ሰፈሩ እልል ብሏል። እኛም ለዓመታት የማትጨምር የሳንቲም ያህል ኪራይ ከፈልን። ጣሪያው ግን ሲያፈስ የሚጠግነው ጠፋ፤ እናቴ ክረምት ክረምት ሦስት ባልዲና አንድ ድስት ደርድራ ታሳድር ነበር። ስለዚህ አከራይ በሙሉ ጅብ ነው የሚለው ወሬ አይዋጥልኝም። በ2015 የጣሪያና ግድግዳ ግብር ሲጨምር እኔም ደንግጫለሁ። ከሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለውጥ ወዲህ ደግሞ ቧንቧ ሠራተኛ ስጠራ አስቀድሜ ትንፋሼን እሰበስባለሁ።

አከራይ ግን የሚፈራው ነገር አለ፣ ያንን እወቁ። ባዶ ወር ይፈራል። ቤቱ አንድ ወር ቢዘጋ የአንድ ወር ኪራይ ሄደ፣ ቀለም አለ፣ ደላላ አለ። "ሰው አለኝ" ሲሏችሁ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ሰው ሳይሆን ደላላ ነው። ከሁሉ በላይ የማያውቁት ተከራይ ያስፈራል። እኔ ለምሳሌ በወሩ መጨረሻ ሳልጠይቀው ኪራዩን የሚያስገባ፣ የጋራ ቆጣሪው ላይ የማይጨቃጨቅ፣ ውሃ በመጣች ሌሊት ተነስቶ የሌላውንም ጀሪካን የሚሞላ ልጅ አለኝ። እሱን በ1,500 ብር ልዩነት አልለውጠውም። እሱ ግን ይሄን አያውቅም፣ አልነገርኩትማ!

ስለዚህ ስትሄዱ አቅርቡት። ሁለት ዓመት አንድ ቀን ሳላሳልፍ ከፍያለሁ፣ ይኸው የባንኩ ዝርዝር በሉ። ሰፈሩ 9,500 እንደሆነ ተናገሩ። መጨመራችሁ ካልቀረ በምትኩ ጠይቁ፤ የሚያንጠባጥበውን ቧንቧ ይሠሩ፣ ወይ ጭማሪው ለሁለት ተከፍሎ ግማሹ ከስድስት ወር በኋላ ይሁን። ይሉኝታ ከያዛችሁ አከራያችሁ የሚያከብሩትን አንድ ትልቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ፣ ሽምግልና ለጋብቻ ብቻ አይደለም። የተስማማችሁትን እዚያው ጻፉት። ኪራይ ግን በኩርፊያ አታቁሙ። ጭቅጭቁ ቢቀጥል እንኳ የቀድሞውን በቀኑ በባንክ አስገቡ፣ አለበለዚያ ጥፋተኛዋ እናንተ ትሆናላችሁ። ካልሆነላችሁ ውሉንና የባንክ ወረቀቱን ይዛችሁ ወረዳ ቤቶች ጽሕፈት ቤት ግቡ። ጠዋት ሂዱ፣ ከሰዓት ስብሰባ ናቸው ይሏችኋል።

መልቀቁ ካዋጣ ልቀቁ፣ ሞት አይደለም። የአዲሱን ቤት ባለቤት መታወቂያና የቤቱን ሰነድ ሳታዩ ለደላላ ቀብድ አትስጡ። በምትወጡበት ቀን ቆጣሪውን ፎቶ አንሱ፣ ቁልፍ ማስረከባችሁን በወረቀት አስፈርሙ።

ልጅቷ እሁድ ሄዳለች። ውሉ እስከ ጥቅምት እንደሆነ ስታሳያት አከራይዋ ዝም ብላ ቡና ቀዳችላት አሉ። ከጥቅምት በኋላ 10 ሺህ ለመክፈል፣ ሙሉው በውሉ ላይ እንዲጻፍ ጠይቃለች። ሴትዮዋ "ከባለቤቴ ጋር ልማከር" ብላለች። እስካሁን አልደወለችም።

የኔም ውሃ ቀጂ ልጅ ውሉ ሐምሌ ላይ ያልቃል። ትናንት ማታ በደብተሬ ላይ ሦስት ቁጥር ጽፌ ሁለቱን ሰረዝኩ። ቅዳሜ የክፍሉን ቧንቧ ላሠራና ከዚያ አነጋግረዋለሁ።