ማይኩ ተሰክቷል፤ ስልኩ ግን አልሰማውም

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ በስልክ ድምፅ መቅረጽ

ጥያቄ፦ አባቴ 82 ዓመት ሆኗቸዋል። የዘር ሐረጋችንንና ያሳለፉትን ዘመን በድምፅ ላስቀር ብዬ ልብስ ላይ የሚቆነጠጥ ማይክ ገዛሁ። ስልኬ ላይ ሰክቼ ቀረጽኩ። ሳዳምጠው ግን ያለ ማይክ ከቀረጽኩት አይለይም፤ ድምፃቸው ከሩቅ ይመጣል፣ ቤቱም ያስተጋባል። ማይኩ ተበላሽቶ ይሆን? (ከደሴ)

መልስ፦ ከመጣልዎ በፊት ይህችን ሙከራ ያድርጉ። ቀረጻ ያስጀምሩና የማይኩን ራስ በጥፍርዎ ፋቅ ፋቅ ያድርጉ፤ ቀጥለው የስልኩን ግርጌ፣ ከቻርጀር መሰኪያው ጎን ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ። ሲያዳምጡት ጎልቶ የተሰማው የስልኩ ከሆነ ማይኩ ጭራሽ አልሠራም፤ የቀረጸው ስልኩ በራሱ ማይክ ነው።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመሰኪያው ነው። ጃኩን ነቅለው ብረቱ ላይ ያሉትን ቀለበቶች ይቁጠሩ፤ ጥቁር ወይም ነጭ ናቸው። 3 ከሆኑ ለስልክ የተሠራ ነው፣ 2 ከሆኑ ለካሜራ። ባለ 2 ቀለበቱን ስልኩ እንደ ተራ ማዳመጫ ስለሚቆጥረው በራሱ ማይክ መቅረጹን ይቀጥላል፤ ለእርስዎ ምንም አይነግርዎትም። ባለ 2ቱን ወደ ባለ 3 የሚቀይር አዳፕተር ይግዙ። ማይክዎ ቦያ ኤም 1 ከሆነ ደግሞ ገመዱ ላይ ያለችውን ማብሪያ ይዩ፤ ለስልክ «ኦፍ/ስማርትፎን» ላይ መሆን አለባት። «ካሜራ» የሚለው ለካሜራ ነው።

ስልኩ ክብ የማዳመጫ ቀዳዳ ከሌለውና በታይፕ ሲ አዳፕተር ከሰኩ፣ አዳፕተሩ በውስጡ የድምፅ ቺፕ ያለውና ማይክም የሚቀበል መሆኑን ሲገዙ ይጠይቁ። ሙዚቃ የሚያጫውት ሁሉ ማይክ አይቀበልም። እንደ ኦፖና ሪልሚ ባሉ ስልኮች ላይ ሴቲንግ ገብተው ኦቲጂን (ስልኩ በቻርጀር መሰኪያው የተሰካበትን ዕቃ እንዲቀበል የሚያደርገውን) ማብራት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ሳይጠቀሙበት ከቆዩ ራሱ ስለሚጠፋ ከየቀረጻው በፊት ይመልከቱት።

አሁን ወደ አቀማመጡ እንሂድ፤ ውጤቱን የሚወስነው ከማይኩ ዋጋ ይልቅ ርቀቱ ነው። ማይኩ ከአገጫቸው በታች አንድ ስንዝር ያህል ይሁን። ከ1 ሜትር ወደ 20 ሳንቲሜትር ሲቀርብ የአፋቸው ድምፅ በ14 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ገደማ ይጨምራል፣ የክፍሉ ማስተጋባት ግን ባለበት ይቀራል። ጋቢ ወይም ነጠላ ከለበሱ ከሸሚዙ ቁልፍ መስመር ላይ ይቆንጥጡትና ጨርቁን ከማይኩ ራቅ አድርገው በትከሻቸው ይመልሱት፤ እጃቸውን ባነሱ ቁጥር ጋቢው ማይኩን ከነካው ኩሽ ኩሽ የሚል ድምፅ ይገባል፣ ያን በኋላ ማውጣት አስቸጋሪ ነው። ገመዱን አንዴ ጠምዝዘው ከመቆንጠጫው ሥር ያስይዙት፤ ሲጎተት ጉተታው ወደ ማይኩ አይደርስም።

ስልኩን ኤርፕሌን ሞድ ላይ ያድርጉ፤ መሀል ላይ የሚገባ ጥሪ ቀረጻውን ያቋርጣል። ቻርጀሩን ይንቀሉ፤ አንዳንዱ እዝዝ የሚል ድምፅ ያስገባል። 2 ደቂቃ ቀርጸው በማዳመጫ ይስሙት፤ ከዚያ አባትዎን ይጠይቁ። የሽማግሌ ወግ ሁለተኛ ሲነገር እንደ መጀመሪያው አይሆንም።

ጥያቄ፦ በገና እየተማርኩ ነው። በስልኬ ስቀርጸው ያ የሚነዝረው ድምፁ ይከስማል፣ አንዳንዴም ይቆራረጣል። የትኛውን አፕ ልጠቀም? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ይህ ጥያቄ በጣም ይገባናል፤ የበገና ነፍሱ ያ ንዝረት ነውና። ንዝረቱ የሚፈጠረው አውታሩ ብርኩማው ላይ ካለችው ከእንዚራዋ፣ ከቁራጯ ቆዳ ጋር ሲነካካ ነው። የስልክ ቀረጻ ግን ብዙውን ጊዜ ለንግግር የተቃኘ ነው፤ ሳይቋረጥ የሚነዝር ድምፅ እንደ ቬንትሌተር ጫጫታ ይቆጠርና ይቀነሳል። ስለዚህ ዋቭ (ሳይጨመቅ የሚቀመጥ የድምፅ ፋይል) የሚቀርጽና ይህን የድምፅ ቅነሳ የሚያስጠፋ አፕ ይምረጡ። በአንድሮይድ ኢዚ ቮይስ ሬኮርደር ዋቭ ይቀርጻል። በሚጠቀሙበት አፕ ሴቲንግ ውስጥ «ኖይዝ ሰፕረሽን» (ጫጫታ መቀነሻ) እና «አውቶማቲክ ጌይን» (ድምፁን በራሱ ከፍ ዝቅ የሚያደርግ) የሚሉ ካሉ ያጥፏቸው፤ የድምፅ ምንጭ የሚያስመርጥ ከሆነ «አንፕሮሰስድ» (ያልተነካካ ድምፅ) የሚለውን ይሞክሩ። የሳምሰንግ የራሱ መቅረጫ ላይ «ስታንዳርድ» ይሻላል፤ «ኢንተርቪው» ፊት ለፊት ለተቀመጡ ሁለት ተናጋሪዎች ነው። በአይፎን ቮይስ ሜሞስ የድምፅ ጥራቱን «ሎስለስ» (ጥራቱ ሳይቀንስ የሚያስቀምጥ) ያድርጉት።

ስልኩን ከገበቴው ፊት ለፊት ከ40 እስከ 50 ሳንቲሜትር፣ ወደ አፍዎ ትንሽ አቅንተው ያቁሙት፤ የበገና ዜማ በለሆሳስ ስለሚወጣ ድምፅዎ በአውታሩ እንዳይዋጥ። ጠንከር አድርገው የሚመቱትን አውታር እየመቱ አፑ ላይ ያለውን የድምፅ መለኪያ ይዩ፤ ጫፉ በ-12 እና በ-6 ዴሲቤል መካከል ይዋል። 0 ከነካ የድምፁ ሞገድ ጫፉ ተቆርጦ ይሻክራል፣ በኋላ መጠገኑም ያስቸግራል።

ዋቭ ቦታ ይበላል፦ 48 ኪሎኸርዝ፣ 16 ቢት፣ ሞኖ ሲሆን በደቂቃ ወደ 5.8 ሜጋባይት፣ በሰዓት ወደ 346 ሜጋባይት። ለመምህርዎ በቴሌግራም ሲልኩ «ፋይል» ብለው ይላኩ፤ የማይክ ምልክቱን ተጭነው የሚቀርጹት የድምፅ መልእክት ግን ተጨምቆ ነው የሚሄደው።

ጥያቄ፦ በብሉቱዝ ኢርፎኔ ብቀርጽስ? (ከአዳማ)

መልስ፦ ለማስታወሻ ካልሆነ አይመከርም። ብሉቱዝ በተለምዶው የስልክ ጥሪ መንገድ ማይክ ሲከፍት ድምፁን በሰከንድ 8,000 ወይም 16,000 ጊዜ ብቻ ነው የሚመዘግበው፤ ስለዚህ ቀረጻው የስልክ ጥሪ ይመስላል፣ «ሰ» እና «ሸ»ም ይደበዝዛሉ። ባለገመድ ማዳመጫዎ ላይ ያለችው ማይክ ከእሱ ትሻላለች፤ ከአንገትጌዎ ጋር በመርፌ ቁልፍ ያስይዟትና ይቅረጹ።