ስታፋ ደሴትን በነሐሴ ለማየት ላሰብሽው እህት

እህቴ፣ ነሐሴ አጋማሽ ላይ ከለንደን መጥታችሁ፣ የስኮትላንዷ የወደብ ከተማ ኦባን አድራችሁ፣ በማግስቱ ከስኮትላንድ ምዕራብ ዳርቻ ያለችውን ስታፋን አይታችሁ የማታውን ባቡር ትደርሱበት እንደሆነ ጠይቀሻል። ልጆቹም ፓፊን የሚባለውን ወፍ ለማየት ጓጉተዋል ብለሻል። እናቴን ይዤ ሄጄበታለሁና ስሚኝ።

1. ነሐሴን ተዪው። ፓፊኖቹ ሚያዝያ ላይ ሊፈለፍሉ ይመጣሉ፤ ሐምሌ ሲያልቅ ጠቅልለው ወደ ባሕር ይሄዳሉ። ለልጆች የሚመቸው የግንቦቱ የአንድ ሳምንት ዕረፍት ነው።

2. ኦባን አትደሩ። ለስታፋ የሚቀርቡት የመል ደሴት መንደር ፊዮንፎርት ወይም ጎረቤቷ ደሴት አዮና እደሩ፤ የመጀመሪያው ቀን ካልሆነላችሁ በማግስቱ እንድትሞክሩ የማታውን ባቡር አትቁጠሩበት። ጀልባው ተነሣ ማለት ደሴቲቱ ላይ ትወርዳላችሁ ማለት አይደለም። ስታፋ ርዝመቷ አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ሰው አይኖርባትም፣ ወደብም የላትም። ሰማዩ ጠርቶ እንኳ ማዕበሉ ከበረታ ካፒቴኑ አያወርድም። ደግ አደረገ፤ በእሱ ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ ትኬት በሸጠልን ቢሮ ላይ ነው። ስለ ማዕበሉ አንዲት ቃል አልነገሩንም። ሳንወርድ የደሴቲቱን ዋሻ ከጀልባ ላይ ብቻ አይተን ስንመለስ ገንዘባችንን ብንጠይቅ «ደሴቲቱን አይታችኋል» አሉን። ይባስ ብላ ሠራተኛዋ ቀና ብላ እንኳ ሳታይ «ለአሮጊት የሚሆን ቦታ አይደለም» አለችኝ። እናቴ አጠገቤ ቆማለች! እንግሊዝኛ ባትሰማም ፊት ታነባለች።

አዮና አደርን። እናቴ ቅዱስ ኮሎምባ እ.ኤ.አ. በ563 ከአየርላንድ ተሻግሮ ገዳም የመሠረተበት ቦታ መሆኑን ስነግራት ንዴቷ በረደላት። በማግስቱ ጠዋት በሌላ ጀልባ ሄደን ወረድን። ያቺ «አሮጊት» የተባለችው እናቴ የብረት መደገፊያውን ይዛ ደረጃውን ወጣች፤ ከእኔ ቀድማ።

3. ዋሻው የፊንጋል ዋሻ ይባላል፤ ወደ ውስጥ ሰባ ሜትር ያህል ይገባል። ግድግዳው ቀልጦ የወጣ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ ወደ ዓምዶች የተሰነጠቀ ነው፤ አብዛኛው ዓምድ ባለ ስድስት ማዕዘን ነው። ወደ ዋሻው የሚወስደው መተላለፊያ አንዳንድ ጊዜ ስለሚዘጋ አስቀድመሽ ጠይቂ። ብዙ ጊዜ የሚሰጡት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ስለሆነ መጀመሪያ ወደ ወፎቹ ውጡ። ሣሩ ላይ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፤ አዳኝ ወፎች ሰው ስለሚፈሩ ፓፊኖቹ ራሳቸው ይጠጓችኋል። አንዱ ቀጫጭን ዓሦች በምንቃሩ ግራና ቀኝ አንጠልጥሎ ከእናቴ ጫማ አንድ ክንድ ርቆ አረፈ፤ ዙሪያውን ቃኘና ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ጎጆአቸው ከመሬት በታች ስለሆነ ልጆቹ ገደሉ ጠርዝ ላይ እንዳይሮጡ፤ አፈሩ ይደረመሳል፣ ጫጩቱም ይቀበራል። ደሴቲቱ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ቅርስና ተፈጥሮን በሚጠብቀው ድርጅት፣ በስኮትላንድ ብሔራዊ ትረስት እጅ ናት።

ሽንት ቤትም ሆነ መጠለያ የለም። ልጆቹን ጀልባ ከመሳፈራችሁ በፊት ፊዮንፎርት ላይ አስገቢያቸው።