የቁርጥ ግብር ግምትና አቤቱታ፦ ከድሬዳዋና ከሐረር የመጡ ጥያቄዎች

መላሽ፦ ብዙ ዘመን የሠራሁት በግብር ቅሬታ ላይ ስለሆነ ስለ ግምት፣ ማለትም ገማች ገቢያችሁን ገምቶ ስለሚወስንባችሁ ግብር፣ እና ስለ አቤቱታ ጠይቁኝ። ጉምሩክ የእኔ መስክ አይደለም። የውሳኔ ማስታወቂያው በጽሑፍ የደረሳችሁበትን ቀን ሳትጽፉ አትጠይቁኝ፤ መልሱ ሁሉ የሚጀምረው ከዚያ ቀን ነው።

የቀፊራዋ (የድሬዳዋ ቀፊራ ገበያ ነጋዴ)፦ ጋሼ፣ እኔና ጎረቤቴ እኩል ስፋት ባላቸው ሱቆች አንድ ዓይነት ጨርቅ እንሸጣለን። የእኔ ግምት የእሷን እጥፍ ሆነ። ሕግ ፊት እኩል አይደለንም?

መላሽ፦ እኩል ናችሁ እህቴ። ነገር ግን «ለጎረቤቴ አነሰላት» ብለሽ ብቻ ብትጽፊ አቤቱታሽ ይወድቃል፣ እሷንም ታስጨምሪያታለሽ። የግብሩን ምጣኔ የገቢ ግብር አዋጁ ለሁሉም አንድ አድርጎ ደንግጎታል። እኩልነቱ የሚፈርሰው ገቢው ሲገመት ነው። በ2009 ክረምት በአዲስ አበባና በኦሮሚያ ከተሞች ነጋዴው ሱቁን የዘጋው በምጣኔው ተቆጥቶ አልነበረም፤ ያስቆጣው የቀን ገቢ ግምቱ ነው። ገማች ደጃፍሽ ላይ ቆሞ የሚያየው መደርደሪያውን ነው። በዱቤ ያመጣሽውን፣ ከረመዳን በኋላ ሳይሸጥ የከረመውን ጣቃ አያውቀውም። ያንን የሚናገርልሽ የግዢ ደረሰኝሽና የዕለት ሽያጭ መዝገብሽ ነው። በፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ 983/2008 መሠረት ውሳኔው የተሳሳተ መሆኑን የማስረዳት ሸክም የወደቀው በግብር ከፋዩ ላይ ነው። ማስታወቂያው ከደረሰሽ ጀምሮ 21 ቀን አለሽ። የምትቃወሚውን ነጥብ ለይተሽ፣ ምክንያቱን ጽፈሽ፣ የማትከራከሪበትን ግብር ከፍለሽ ነው የምታቀርቢው። ሕመም ወይም ሌላ በቂ ምክንያት ካለሽ፣ 21 ቀኑ ሳያልቅ በጽሑፍ ብትጠይቂ እስከ 10 ቀን ሊጨመርልሽ ይችላል። መቼ ደረሰሽ?

የቀፊራዋ፦ ባለፈው ማክሰኞ።

መላሽ፦ ጊዜ አለሽ። አቤቱታውን ስታስገቢ በእጅሽ የሚቀረው ቅጂ ላይ ቀንና ማኅተም ሳታስደርጊ እንዳትመለሺ።

የሳቢያኑ፦ ጋሼ፣ ግብር በዛብኝ። ምን ይሻለኛል?

መላሽ፦ ምኑ ነው የበዛው? ግምቱ ነው? ቅጣቱ ነው? ቀኑስ? ቀን ጻፉ ብያለሁ።

የአሸዋ ገበያ ነጋዴ፦ ስለ እኩልነት ካነሳችሁ አይቀር፣ እኛ ታክስ ከፍለን ያስገባነውን ዕቃ በደረሰኝ እንሸጣለን፤ ከፊት ለፊታችን ኮንትሮባንዱ በረከሰ ዋጋ ይቸበቸባል። የእኛ እኩልነት የት አለ?

የለገሃሬው፦ ወንድሜ፣ ያ ዕቃ ባይኖር የድሬዳዋ ድሃ ምን ይለብስ ነበር?

የአሸዋ ገበያ ነጋዴ፦ ድሃው የሚታከምበት ጤና ጣቢያስ በምን ይሠራ?

የለገሃሬው፦ መጀመሪያ ጤና ጣቢያው መድኃኒት ይኑረው፣ ከዚያ እንነጋገራለን።

መላሽ፦ ይብቃችሁ፤ ጉምሩክ የእኔ አይደለም ብያለሁ። ስለ ደረሰኝ ግን አንድ ነገር ልናገር። «ያለ ደረሰኝ ከሆነ እቀንስልሃለሁ» ሲሏችሁ አትቀበሉ። ዛሬ የተረፋችሁ የሚመስላችሁ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ መዝገብ የምትይዙ ከሆነ ነገ ወጪያችሁ ሳይያዝላችሁ ቀርቶ እንደ ትርፍ ይቆጠርባችኋል። በማስረጃ ያልተደገፈ ወጪ ተቀናሽ አይሆንም።

የገንደ ቆሬዋ፦ እኔና ባለቤቴ የየራሳችን ንግድ ፈቃድ አለን። ገቢያችን ይደመራል?

መላሽ፦ አይደመርም። ግብር ከፋዩ ግለሰቡ እንጂ ትዳሩ አይደለም። በአንድ ሰው ስም ያሉ ሁለት ሱቆች ግን ይደመራሉ።

ከሸዋ በር፦ ይህ ሁሉ ለእኛ ለሐረር ነጋዴዎችም ይሠራል?

መላሽ፦ ጥሩ ጥያቄ። ድሬዳዋ ተጠሪነቷ ለፌዴራል መንግሥት ስለሆነ የፌዴራሉ አዋጅ በቀጥታ ይሠራባታል። ሐረሪ ግን ክልል ነው፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 97 በክልሉ ባሉ ግለሰብ ነጋዴዎች ላይ ግብር የመጣልና የመሰብሰብ ሥልጣን የክልሉ ነው። ስለዚህ አቤቱታህ ላይ የክልልህን አዋጅ ጥቀስ፤ የጊዜ ገደቡንም ከእሱ አንብብ።

የሳቢያኑ፦ እሺ፣ ግምቱ ነው የበዛው። ደረጃ «ሐ» ግብር ከፋይ ነኝ።

መላሽ፦ በ2017 በወጣው የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ 1395 ሦስቱ የግብር ከፋይ ደረጃዎች («ሀ»፣ «ለ»፣ «ሐ») ሁለት ሆነዋል፤ ዓመታዊ ሽያጩ 2 ሚሊዮን ብርና ከዚያ በላይ የሆነ «ሀ»፣ ከዚያ በታች ያለው «ለ»። የቆየ ወረቀት ይዘህ አትከራከር። ቀኑን አሁንም አልጻፍህም።

የአወዳዩ፦ የጫት ኬላስ?

መላሽ፦ ክልሉን ጠይቅ።

የቀፊራዋ፦ ጋሼ፣ ቅሬታዬ ውድቅ ቢሆንስ?

መላሽ፦ በ30 ቀን ውስጥ ለግብር ይግባኝ ኮሚሽን ታቀርቢያለሽ፤ ከምትከራከሪበት ግብር 50 በመቶውን አስቀድመሽ አስይዘሽ ነው። ከዚያ አልፎ ፍርድ ቤት ከተደረሰ 75 በመቶ ነው። ይህን ድንጋጌ ከልቤ እቃወማለሁ። ለትልቅ ድርጅት 50 በመቶ ማለት ባንክ ውስጥ ካለው ጥቂቱን ለጊዜው ማንቀሳቀስ ነው፤ ለቀፊራ ነጋዴ ግን ዕቃ የምታመጣበት መነሻ ገንዘቧ ነው። ገቢ ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ለዕዳው ዋስትና እንደሚፈልግ ይገባኛል። ሆኖም የይግባኝ በር ለሁሉም እኩል ተከፍቶ የመግቢያው ክፍያ ድሃውን ብቻ የሚያስቀር ከሆነ፣ ሕጉ ያሰበው እኩልነት እዚያው ይቀራል። ስለዚህ ነው ጉዳያችሁን በመጀመሪያው 21 ቀን ጨርሱት የምለው፤ በዚያ ደረጃ የሚከፈለው የማትከራከሩበት ብቻ ነው።

የሳቢያኑ፦ ማስታወቂያው ከደረሰኝ 40 ቀን አልፎኛል።

መላሽ፦ ይኸው፤ ይህን መጀመሪያ ብትጽፍ ኖሮ! የጊዜው ገደብ ስላለፈ ግምቱ ጸንቷል። የቀረህ በክፍያ ጊዜው ላይ መነጋገር ነው፤ በየጊዜው ከፋፍለህ እንድትከፍል በጽሑፍ አመልክት። የሱቅህን የኪራይ ውልና የባንክ መግለጫ አያይዝ፣ ነገ ጠዋት አስገባ፣ ቅጂው ላይ ማኅተም አስደርግ።