«ሬንት» ከመድረክ ወደ ፊልም ሲሻገር ምን ጎደለበት?

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጅ፣ «ሬንት» የተባለውን የሮክ ሙዚቃዊ ተውኔት ኒው ዮርክ ውስጥ በመድረክ ያየሁት ተማሪ ሳለሁ ነው፤ ዘፈኖቹን እስካሁን በቃሌ እወጣቸዋለሁ። በቅርቡ ፊልሙን ከታናሽ ወንድሜ ጋር ቤት ውስጥ አየነው። ወንድሜ ተውኔቱን አያውቀውም፤ ፊልሙን ግን በጣም ወደደው፣ መጨረሻው ላይም አለቀሰ። እኔ ደግሞ ተዋንያኑ በአብዛኛው እነዚያው የመጀመሪያዎቹ ሆነው ሳሉ ልቤ አልሞቅ አለኝ። ለተውኔቱ ያለኝ ፍቅር አዳልቶብኝ ነው ወይስ ፊልሙ በእርግጥ ያጎደለው ነገር አለ?
ሰ.፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ፍቅርዎ አላዳላም። የጎደለ ነገር አለ፤ የጎደለውም ከዘፈን እስከ ዘፈን ባለው ክፍተት ውስጥ የነበረው ዜማ ነው።

ጆናታን ላርሰን ሥራውን የጻፈው የፑቺኒን «ላ ቦኤም» ኦፔራ መሠረት አድርጎ፣ የፓሪሶቹን ድኾች ገጣሚና ሠዓሊ ወደ ኒው ዮርክ ኢስት ቪሌጅ በማምጣት፣ የሳንባ ነቀርሳውንም በኤድስ በመተካት ነበር። ተውኔቱ በሙሉ ዝግጅት ለመጀመሪያ ጊዜ ለተመልካች ሊቀርብ በነበረበት ዕለት፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 25 ቀን 1996 ማለዳ፣ ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ሥሩ ተቀድዶ በ35 ዓመቱ አረፈ፤ በዚያው ዓመት የፑሊትዘርና የቶኒ ሽልማቶች ለሥራው ሲሰጡ አላየም። ተውኔቱ የኦፔራ ልጅ ነውና በመድረክ ላይ ጓደኛሞቹ ኪራይ ሲጠየቁ፣ እናት ለልጇ በስልክ መልእክት ስትተው፣ ፍቅረኛሞች ሲነታረኩ፣ የሚነጋገሩት ከሞላ ጎደል በዜማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ፊልሙን ያዘጋጀው ክሪስ ኮሎምበስ ከዚህ ውስጥ ብዙውን ወደ ተራ ንግግር ለወጠው። ስንኞቹ ለዜማ የተጻፉ ስለነበሩ ግን አንዳንዶቹ በንግግር ውስጥም ቤት እየመቱ ቀርተዋል፤ ጆሮዎ የጎረበጠው ያ ይመስለኛል። ቀረርቶ አውራጅ ዜማውን ትቶ ግጥሙን እንደ ደብዳቤ ቢያነብልን፣ ከቃሉ አንድም ሳይቀነስ ወኔው ይጠፋል። በመድረክ ላይ ሙዚቃው ሰዎቹ የሚኖሩበት አየር ነበር፤ በፊልሙ ግን ንግግሩን እያቋረጠ የሚመጣ እንግዳ ሆነ፣ ተመልካቹም ዘፈን በተጀመረ ቁጥር እንደ አዲስ መግባት አለበት።

ሁለተኛው ጉድለት የመቀስ ነው። በኤድስ ከሞተው ጓደኛቸው ከኤንጀል ቀብር በኋላ፣ አብረው የሚኖሩት ፊልም ሠሪው ማርክና ሙዚቀኛው ሮጀር ፊት ለፊት ቆመው እርስ በርስ የሚወቃቀሱበት ክፍል፣ እንዲሁም ማርክ ብቻውን ሆኖ የሁሉ ነገር ታዛቢ መሆኑን የሚጠይቅበት «ሃሎዊን» የተባለው አጭር ዘፈን፣ ሁለቱም ተቀርጸው ሳለ ከፊልሙ ወጥተዋል። ማርክ ከካሜራው ጀርባ የሚሸሸገው ሕመሙን ለመሸሽ እንደሆነ የሚነገረው በዚያ ጠብ ውስጥ ነው። ያ ሲወጣ ማርክ ካሜራ ተሸክሞ የሚዞር ደግ ልጅ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ይህን መቁረጥ ስሕተት ነበር እላለሁ።

«ሲዝንስ ኦፍ ላቭ»ም ቦታውን ለቋል። በመድረክ ሁለተኛውን ክፍል የሚከፍተው እሱ ነው፤ የአንድን ዓመት 525,600 ደቂቃዎች የምንቆጥረው ሰዎቹን ከወደድናቸው፣ ደቂቃዎቹም ለማን እያለቁ እንደሆነ ከገባን በኋላ ነው። ፊልሙ ግን ስምንቱን ዋና ገጸ ባሕርያት ባዶ ቴአትር ቤት መድረክ ላይ አሰልፎ በዚሁ ዘፈን ይጀምራል። ለእርስዎና ለእኔ ትዝታው አብሮን ስላለ ይነካናል፤ ለአዲስ ተመልካች ግን ገና የማያውቃቸው ሰዎች የሚዘፍኑት ውብ ዘፈን ነው።

ስለ ተዋንያኑ ያነሡት ነገር እውነት ነው፤ ከስምንቱ ዋነኞች ስድስቱ እ.ኤ.አ. በ1996 በመድረክ የነበሩት ናቸው። በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ የሚገኙ ወጣቶችን በሠላሳዎቹ አጋማሽ ሆነው ሲጫወቱ ዕድሜያቸውን ካሜራ ይናገርባቸዋል፣ መድረክ ግን ይሸፍንላቸው ነበር። ድምፃቸው ግን ሙሉ ነው፤ በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም።

ሆኖም ወንድምዎ ያለ ምክንያት አላለቀሰም። የሮጀር ፍቅረኛ ሚሚ «ዊዝአውት ዩ» የተባለውን ዘፈን ስትዘፍን ካሜራው በሽተኞቹ እየተሰበሰቡ ወደሚደጋገፉበት ክፍል ይሄዳል። ክብ ሠርተው ከተቀመጡት መካከል ሰው ደብዘዝ ብሎ ከወንበሩ ይጠፋል፤ ቀጥሎ ሌላው። አንድም ቃል አይነገርም፤ ወንበሩ ባዶውን ይቀራል። አዲስ አበባ ውስጥ ያን ዘመን ላሳለፍን፣ ከዕድር ድንኳን ወደ ዕድር ድንኳን ለተመላለስን ሰዎች ይህ ትዕይንት አስተርጓሚ አይሻም። መድረክ ይህን በዚህ መልክ ሊያሳይ አይችልም፤ ተዋናይ ተነሥቶ ሲወጣ እግሩን እናየዋለን፣ ካሜራ ግን ሰውን ከዓይናችን ፊት ሊያተን ይችላል። ኮሎምበስ ካሜራውን እንዲህ ባመነበት ቦታ ሁሉ ፊልሙ በራሱ እግር ይቆማል።

ለወንድምዎ እርስዎ ያዩትን ለማሳየት ከፈለጉ፣ ተውኔቱ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 7 ቀን 2008 ከብሮድዌይ፣ ከኒው ዮርክ የታላላቅ ቴአትሮች መንደር፣ ሲሰናበት በኔደርላንደር ቴአትር የተቀረጸው ትርኢት አለ። ከ12 ዓመት በላይ ከቆየ በኋላ የቀረበ የመጨረሻ ምሽት ነውና ተዋንያኑ በአብዛኛው ሌሎች ናቸው፤ የሙዚቃ ባንዱ ግን እዚያው መድረክ ላይ ይታያል፣ ንግግሩም እንደ ጥንቱ በዜማ ነው። ከዚያ በፊት የፊልሙን ዲቪዲ ካገኙ ተጨማሪውን ክፍል ይክፈቱለት፤ የተቆረጡት ሁለቱ ትዕይንቶች እዚያ አሉ፣ የማርክና የሮጀር ጠብም ሙሉውን ይሰማል።