አንዲት ወንበር ተከተዪ

ጥያቄ፦ ዘንድሮ በማኔጅመንት ተመርቄያለሁ። ቸርችል ጎዳና ላይ ማሳያ ክፍል ያለው የቢሮ ዕቃዎች አስመጪ ድርጅት በሚቀጥለው ሐሙስ ለቃለ መጠይቅ ጠርቶኛል። «ድርጅታችን በሥራው ሁሉ ኢንተርኔትን እንዴት ሊጠቀምበት ይችላል?» የሚል ጥያቄ ሰጥተውኝ መልሱን በአንድ ገጽ ይዤ እንድመጣ ነግረውኛል። የፌስቡክ ገጽ፣ የቴሌግራም ቻናልና ድረ ገጽ ይከፈት ብዬ ጻፍኩና ከዚያ ወዲያ እጄ ታሰረ። የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም። ምን ልጨምር?

መልስ፦ እህቴ፣ እጅሽን ያሰረው የዕውቀት ማነስ አይመስለኝም፤ ድርጅቱን ከደጃፍ ቆመሽ ስላየሽው ነው። ፌስቡክና ቴሌግራም የሱቁ መስኮት ናቸው። ጥያቄው ግን «በሥራው ሁሉ» ይላል፤ ጠሪዎችሽ የሚጠብቁሽም እዚያች «ሁሉ» የምትል ቃል ላይ ነው። ያንን ገጽ ቅደጂውና አንዲት ወንበር ተከተዪ። ከውጭ አገር ታዝዛ ደንበኛው ቢሮ እስክትገባ ድረስ ማን ማን ይመዘግባታል? ስንት ጊዜ? የት ላይ?

የውጭውን ጉዞ በሁለት መስመር እለፊው። ፋብሪካው ፕሮፎርማውን፣ ማለትም የዋጋ ማቅረቢያውን፣ በኢሜይል ይልካል፣ ባንክ ኤልሲ (ለፋብሪካው ክፍያውን የሚያረጋግጥ የባንክ ሰነድ) ይከፍታል፣ ዕቃው ጅቡቲ ይራገፋል፣ ሰነዱ በጉምሩክ የኤሌክትሮኒክ የአንድ መስኮት አገልግሎት በኩል ያልፋል። ይህን ድርጅቱ ወዶም ይሁን ተገዶ በኢንተርኔት እየሠራው ነው። ልታክዪበት የምትችዪው አንድ ነገር ነው፤ ዕቃው የሚደርስበት ቀን በአንድ ሠራተኛ ኢሜይል ውስጥ ተቀብሮ አይቅር። ሻጩ ቀኑን ካላወቀ ደንበኛውን «ሳምንት ተመለስ» እያለ ማመላለሱ ነው።

ዋናው ጉዳይ መጋዘኑ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ፒያሳ አካባቢ አንድ ተመሳሳይ ድርጅት ውስጥ ተቀምጬ ሥራውን ሳይ ዋልኩ። ሻጯ ትእዛዙን ደብተር ላይ ትጽፋለች፤ ገጹን በስልኳ ፎቶ አንሥታ በቴሌግራም ለንብረት ጠባቂው ትልካለች። እርሱ ከስልኩ እያየ ቢን ካርዱ ላይ፣ ማለትም የዕቃው ገቢና ወጪ በሚመዘገብበት የመጋዘን ካርድ ላይ፣ ይገለብጠዋል። ማታ ደግሞ ሒሳብ ሠራተኛዋ ደረሰኞቹን ሰብስባ ፒችትሪ በሚባለው የሒሳብ ሶፍትዌር ውስጥ ታስገባቸዋለች። አንድ ሽያጭ ሦስት ጊዜ ተጻፈ ማለት ነው፤ ሦስቱም ሰዎች ኢንተርኔት ያለው ስልክ በእጃቸው ይዘው! ከቀትር በኋላ ከመርካቶ የመጣ ደንበኛ ለአራት ጠረጴዛ ከፍሎ፣ መኪና ተከራይቶ ከጓሮው መጋዘን ሲደርስ የቀሩት ሁለት ብቻ ሆነው አገኛቸው። ጠዋት የተሸጡት ገና ከደብተሩ አልተቀነሱም ነበር። የተሰማውን ቃል እዚህ አልጽፈውም።

መፍትሔው ውድ ሶፍትዌር ነው ብለሽ እንዳትጽፊ፤ አሠሪ ገና ሳይቀጥርሽ ወጪ ስትቆልዪበት አይወድም። ሦስቱም በኢንተርኔት የሚጋሩት አንድ ሠንጠረዥ ለመነሻ ይበቃል። ሻጯ ስትመዘግብ ከቀሪው ላይ ወዲያው ይቀነስ፤ ንብረት ጠባቂውም በዚያው ይይ። መብራት ወይም ኔትወርክ ሲጠፋ በምን እንደሚሠራም ጻፊ። የካርቦን ደብተሩ አይጣል፤ የተጻፈበት ግን በዚያው ዕለት ይግባ።

ቀጥሎ ገንዘቡ ይመጣል። የኢትዮ ቴሌኮም የሞባይል ገንዘብ አገልግሎት ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ የባንኮቹም የስልክ አገልግሎት ተጨምሮበት፣ ደንበኛው ጥሬ ገንዘብ ሳይሆን ስልኩን ያሳያል። የዝውውር ማረጋገጫ ፎቶ ደግሞ በቀላሉ ይጭበረበራል። ስለዚህ ገንዘቡ ከድርጅቱ ሒሳብ መግባቱ ሳይረጋገጥ የዕቃ መውጫ አይፈረም፤ ማረጋገጡም የሻጩ ሳይሆን የሒሳብ ክፍሉ ሥራ ይሁን። ይህችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ሥራ አስኪያጁ ሁለት ጊዜ ያነባታል።

የድርጅቱ ትልልቅ ገዢዎች መሥሪያ ቤቶች መሆናቸውን አትርሺ። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ጨረታ በኤሌክትሮኒክ የመንግሥት ግዥ ሥርዓት ይወጣል፤ በየዕለቱ ከፍቶ የሚያይ ሰው ተመድቧል ወይ? በኢሜይል የመጣ ትእዛዝም እንደ ተራ ወሬ አይታይ፤ በአዋጅ ቁጥር 1205/2012 የኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና አለው። ግብር ማሳወቅና ንግድ ፈቃድ ማደስም በኢንተርኔት እንደሚሠሩ አንድ መስመር ይበቃቸዋል።

የጻፍሽውን የቴሌግራም ቻናል መጨረሻ ላይ መልሺው፤ ግን በማን ስልክ ቁጥር እንደሚከፈት ጨምሪ። በሠራተኛው የግል ቁጥር የተከፈተ ቻናል ሠራተኛው ሲለቅ ደንበኞቹን ይዞ ሲሄድ አይቻለሁ። የደንበኞች ስምና ስልክ ዝርዝርም ለማንም የሚበተን ወረቀት አይደለም፤ በአዋጅ ቁጥር 1321/2016 የግል መረጃ በሕግ ይጠበቃል።

የኮምፒውተር ባለሙያ አይደለሁም ላልሽው፣ እስካሁን ከዘረዘርኩልሽ ውስጥ የፕሮግራም ጽሕፈት የሚጠይቅ አለ? ሠንጠረዥ አሠራርን በሁለት ቅዳሜ ትለምጂዋለሽ።

ሐሙስን ሳትጠብቂ ማክሰኞ እንደ ገዢ ሆነሽ ማሳያ ክፍላቸው ግቢ። የአንዲት ወንበር ዋጋ ጠይቂና «ስድስት ፍሬ ይኖራችኋል?» በዪ። ሻጩ ደብተር ይገልጣል? መጋዘን ይደውላል? ኮምፒውተር ያያል? ስንት ደቂቃ ፈጀበት? ያየሽውን በገጹ የመጀመሪያ መስመር ላይ ጻፊው።