መልስ፦ ራሱን አልሳተም፤ ቅዳሜ ይጫወት?

እህቴ፣ የ14 ዓመቱ ልጅዎ ትናንት ለቴስታ ሲዘል ከሌላ ልጅ ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት መጋጨቱን ጽፈዋል። ቅዳሜ አይጫወት። የአንጎል መናወጥ (ጭንቅላት ተመትቶ የአንጎል ሥራ ለጊዜው ሲታወክ) ከደረሰባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ራሳቸውን አይስቱም። ሲቲ ስካን የሚነሳውም የደም መፍሰስ ወይም ስብራት መኖሩን ለማጣራት እንጂ መናወጡ ራሱ ብዙውን ጊዜ በምስሉ ላይ አይታይም።

እኔ በረኛ ሳለሁ ከግቡ ብረት ጋር ተጋጭቼ ጨዋታውን ጨርሻለሁ። ማታ እናቴ «ስንት ለስንት ወጣችሁ?» ስትለኝ ግን ጓንቴን እያገላበጥኩ ዝም አልኩ። ሁለተኛውን አጋማሽ ጭራሽ አላስታውሰውም ነበር።

ጎረቤቶችዎ «እንዳይተኛ» ማለታቸው የቆየ ልማድ ነው። ሐኪም አይቶት አስጊ ምልክት ከሌለው ይተኛ፤ እንቅልፍ ይጠቅመዋል። ነገር ግን ደጋግሞ ካስመለሰው፣ ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ አንደበቱ ከተሳሰረ፣ አንዱ የዓይኑ ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ እንደሚጥል በሽታ ካንቀጠቀጠው ወይም ሲቀሰቅሱት አልነቃ ካለ እኩለ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።

አንድ ሁለት ቀን ይረፍ፤ ስልክና ቴሌቪዥን ይቀንስ። ጨለማ ክፍል ውስጥ መዝጋት ግን አያስፈልግም። ከዚያ የእግር ጉዞ፣ ቀጥሎ ቀላል ሩጫ፣ ከዚያ ያለ ንክኪ ልምምድ፤ ለእያንዳንዱ ደረጃ ቢያንስ አንድ ቀን ይስጡት። ሕመሙ ከባሰበት አንድ ደረጃ ይመለስ። ወደ ግጥሚያ የሚመለሰው ሐኪም ሲፈቅድ ብቻ ነው፤ አንጎሉ ሳያገግም ሁለተኛ ምት ካገኘው ጉዳቱ እጅግ የከፋ ሊሆን ይችላል።

አሰልጣኙን እርስዎ ራስዎ ያነጋግሩት። ልጁ እንደሆነ «ደህና ነኝ» ማለቱ አይቀርም።