ጥያቄና መልስ፦ ቃሉ የሚጠፋበት ተዋናይና ሌሎችም

ቤት ውስጥ ቃለ ተውኔቴን እንደ ዳዊት እደግመዋለሁ፤ መድረክ ላይ አጋሬ ሲናገር ግን ድርግም ይልብኛል። ምን ይሻለኛል?

የራስህን ቃል ብቻ ስላጠናህ ነው። ብዙ ተዋናይ የራሱን በቀለም አስምሮ የአጋሩን ይዘላል፤ መድረክ ላይ ግን ቃልህን የሚጠራልህ አጋርህ ነው። የራስህን ክፍል በወረቀት ሸፍነህ የእሱን ጮክ ብለህ አንብብ። መልሱ ካልመጣ ገለጥ አድርገህ እይና ጥቂት ቃል ወደኋላ ተመልሰህ ጀምር። ቀጥሎ ልትመልስ የሚያስነሳህን ቃል ፈልግ። አጋርህ «ትናንት ከወንድምህ ጋር አየሁህ፤ ዝናቡ ሊጥል ሲል» ቢል፣ የሚያስደነግጥህ «ወንድምህ» እንጂ ዝናቡ አይደለም። በእርሳስ ምልክት አድርግበት፤ መልስህ እዚያ ይወለዳል፣ እሱ እስኪጨርስ ትይዘዋለህ። ማታ አጥንተህ ተኛ፣ ጠዋት ስክሪፕቱን ሳትገልጥ ሞክር። እየተራመድክም በለው፤ ተቀምጠህ ብቻ የያዝከው ስትነሳ ይበተናል።

ለኦዲሽን ራስሽን ቀርጸሽ ላኪ ተብያለሁ፤ ያለኝ ስልክ ብቻ ነው።

ይበቃሻል። የተላከልሽ መመሪያ ካለ እሱን አስቀድሚ። ከሌለ ስልኩን አግድም አድርገሽ በዓይንሽ ከፍታ አቁሚው፤ ከደረት በላይ ይግባ። መስኮቱ ከፊትሽ ይሁን፣ ከኋላሽ ከሆነ ፊትሽ ይጠቁራል። የአጋርሽን ቃል የሚያነብልሽ ሰው ከስልኩ ጎን ይቁም፤ እሱን እይ፣ ሌንሱን ግን ስምሽን ስትናገሪ ብቻ። ለስልኩ ቅርብ ስለሆነ ድምፁን ዝቅ ያድርግ፣ አለዚያ ኦዲሽኑ የእሱ ይመስላል።

የተውኔቴ ገጸ ባሕርያት ሁሉ አነጋገራቸው አንድ ሆነብኝ።

ምናልባት ሁሉም ለተመልካቹ እያስረዱ ነው። ወንድም ለወንድሙ «እንደምታውቀው አባታችን ከሞተ 5 ዓመቱ ነው» አይለውም። «የአባዬን ኮት ማን ሰጠህ?» ሲለው ሞቱም ቅሬታውም ይገባናል። እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ በዚያች ደቂቃ ምን ሊያገኝ እንደፈለገ ጻፍና ከዚያ ብቻ አናግረው። ከዚያ ሌሎች ያንብቡልህ፤ አንተ ሳታርም አፋቸው የሚሰናከልበትን አስምር።

በራሴ ተውኔት ልተውን፣ ላዘጋጀውም?

ከሁለቱ አንዱን። ውስጡ ቆመህ ከውጭ ልታየው አትችልም።

የ8 ዓመት ልጆች አሠለጥናለሁ። «ጮክ በሉ» ስላቸው ይንጫጫሉ፤ አነጋገሩን ሳሳያቸው ደግሞ እኔን ይቀዳሉ።

አያሳዩዋቸው። «ምን እንዲያደርግልሽ ነው የምትለምኚው?» ብለው ይጠይቁ፤ ድምፁ ራሱ ይለወጣል። «ጮክ በሉ» ጉሮሮ ያስጨንቃል። ይልቅ አንድ ልጅ የኋላ ወንበር ላይ ያስቀምጡና ሳይሰማው ሲቀር እጁን ያውጣ፤ የሚናገረው ልጅ ለእሱ ይናገራል። ለልምምድ 45 ደቂቃ ይበቃል፣ በየ10 እስከ 15 ደቂቃው ሥራውን ይለውጡ። ድምፁ የሻከረውን ልጅ ዝም አሰኝተው ያሳርፉት እንጂ «አንሾካሹክ» አይበሉት፤ ማንሾካሾክም ጉሮሮውን ሊያደክመው ይችላል።